«ቤተሰቤ ሳይሰማ የት ልሂድ?»

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ አሜሪካ መጥቼ የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሁለት ወር ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ክፍል መግባትም አቅቶኛል። አንዳንድ ሌሊት «ነገ ባልነቃስ?» እላለሁ። ቤተሰቤ እንዳይሰማ፣ ቪዛዬም እንዳይነካ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «ባልነቃስ» የሚለው ሐሳብ ቀጠሮ የሚጠብቅ አይደለምና ዛሬውኑ 988 ይደውሉ። ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራ፣ ሌት ተቀን ክፍት የሆነና ክፍያ የሌለው፣ በከባድ ጭንቀትና ራስን በማጥፋት ሐሳብ ለተያዙ ሰዎች የሚረዳ የስልክ መስመር ነው፤ እንግሊዝኛው ከከበደዎ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። ራስዎን ሊጎዱ እንደተቃረቡ ከተሰማዎት ግን 911 ይደውሉ፤ ብቻዎንም አይሁኑ።

ቀጥሎ ወደ ኮሌጅዎ የምክር አገልግሎት ማእከል ይሂዱ። መደበኛው ወረፋ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ እኛ እንደለመድነው «ትንሽ ደክሞኝ ነው» ብለው ነገሩን ሳያለሳልሱ፣ የጻፉልንን ያንኑ ዐረፍተ ነገር ለማእከሉ እንግዳ ተቀባይ ይንገሩት። ጸሎቱንና ጠበሉን ይተዉ የሚልዎ የለም፤ ጎን ለጎን ይሄዳል። 18 ዓመት ከሞላዎ አማካሪው ሕይወትዎ አስቸኳይ አደጋ ላይ ካልወደቀ በስተቀር ያለ ፈቃድዎ ለወላጅ አይናገርም።

ቪዛውን የሚነካው አማካሪ ማየት ሳይሆን የውጭ አገር ተማሪዎችን ቢሮ ሳያማክሩ ኮርስ ማቋረጥ ነው። በሐኪም ወይም በሳይኮሎጂስት ደብዳቤ ቢሮው አስቀድሞ ከፈቀደልዎ፣ በአንድ የትምህርት ደረጃ በድምሩ እስከ 12 ወር የኮርስ ጫናዎን መቀነስ ይችላሉ።