የሄብን በድሬዳዋ ግቢ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የባለቤቴ አጎት ሰሞኑን ከኦጋዴን ዋርዴር ሲመጡ «የሄብ» የሚባለውን ቁጥቋጦ ፍሬ ይዘውልን መጡ። ግማሹን ቀቅለን በላነው፤ በጣም ይጥማል። የቀረውን ግቢዬ ልተክለው አስቤያለሁ። መጀመሪያ በችግኝ ፕላስቲክ ላፍላው ወይስ በቀጥታ መሬት ላይ? ደግሞስ እዚህ ይበቅላል? አንባቢያችሁ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ የቀረውን እንዳትበዪው! ቶሎም ትከዪው። የሄብ ፍሬ ከጥቂት ወራት በላይ የመብቀል አቅሙ አይቆይም፤ ነቀዝም ይወደዋል። አንድ በአንድ እያገላበጥሽ እዪና ቀዳዳ ያለበትን ለይተሽ ጣዪ። አጎታችሁንም ጠይቂያቸው፤ እሳት የነካው ከሆነ አይበቅልም።

በቀጥታ መሬት ላይ ትከዪው። ይህ ቁጥቋጦ ገና ሲበቅል ቀጥ ያለ ዋና ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። ፕላስቲኩ ውስጥ ሥሩ ይታጠፋል፣ ስታዛውሪውም ይበጠሳል፤ ከዚያ በኋላ ማገገም ይከብደዋል። ከላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ አውጥቶ ዝም ሲል ሞተ ብለሽ እንዳትነቅዪው አደራ። ሥራውን የሚሠራው ከታች ነው። ያደገው ሥሩ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፤ በዚያ ድርቅ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆኖ የሚቆመውም በዚሁ ነው።

የሄብ የኦጋዴንና የሶማሊያ ተክል ነው። ቀይ አሸዋማ አፈር፣ ሙቀትና ትንሽ ዝናብ ለምዷል፤ በዓመት ከ250 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ድሬዳዋ ከዚያ ከፍ ትላለች፣ ዝናቧም ይበልጣል፤ ሙቀቷ ግን ስለሚስማማው መሞከሩ አይከፋም። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ተዪው እልሽ ነበር። ከፍ ያለ፣ አሸዋ የበዛበትና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጪ። እስኪበቅልና ሥር እስኪይዝ በልክ አጠጪው፣ ከዚያ ቀንሺለት። ውኃ ከተኛበት ይበሰብሳል።

ፍየል ካለሽ ወይም የጎረቤት ፍየል የሚገባ ከሆነ ዛሬውኑ በእሾህ እጠሪው። ፍየል ቅጠሉን ነፍሱን ነው የሚወደው። ቅጠሉን ብታሺው እጅሽን ቀይ ያደርገዋል፤ አዘውትራ የምትበላው ፍየል ጥርሷና አጥንቷ ሳይቀር ይቀላል። በበጋ ሌላው ሲደርቅ ይህ ለምለም ስለሆነ ግጦሹ በርትቶበታል፤ ለማገዶም ይቆረጣል። ፍሬው ተለቅሞ ስለሚበላ የሚተካውም አነስተኛ ነው። ለመጥፋት ከተጋለጡት ተክሎቻችን አንዱ ነውና አንቺ ግቢ አምስት ስድስቱ ቢጸድቁ ትልቅ ነገር ነው።

ፍሬ ለማየት ቢያንስ 3 ወይም 4 ዓመት ጠብቂ። ያልበቀለ ጉድጓድ ካለ አጎታችሁ በሚቀጥለው ለቀማ ትኩስ ፍሬ፣ ሳይቀቀልና ሳይቆላ፣ ይላኩልሽ።