ጥላውን አስቀድሙ፦ የወሎን ገጠር በጥቁርና ነጭ ፊልም ለምታነሱ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ፊልም እንደ ድሮው በየፎቶ ቤቱ አይገኝም፤ ዋጋውም አይቀመስም። 36 ፍሬም ይዛችሁ ስትወጡ ብርሃኑ የት እንደሚያታልላችሁ አስቀድማችሁ እወቁ። በወሎ የሚያታልለው ጥላው ነው።

ደጋው ላይ፣ ጉጉፍቱ ወይም ደላንታ፣ አየሩ ስስ ነው። ጥላ ውስጥ የሚገባው ብርሃን በአብዛኛው ከሰማያዊው ሰማይ የሚወርድ ነው፤ ቀይ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠመው ባለ ቀለም መስታወት) ደግሞ ሰማያዊን ያግዳል። ሰማዩ ይጥቆርልኝ ብላችሁ ቀዩን ስትገጥሙ የገደሉ ጥላ አብሮ ይሞታል። ኔጋቲቩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ሆኖ ይቀራል፤ ሲታተምም አይመለስም። ለደጋ ቢጫ ይበቃል። ቢጫው 1 ስቶፕ ያህል ብርሃን ይወስዳል፣ ቀዩ 3፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም በእጥፍ መጨመር ነው። እኔ እንደሆን ጥቁር ሰማይ ብዙም አይጥመኝም፤ ተራራውን ያሳንሰዋል።

ቆላ ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል። ከቆቦ ሜዳ ወደ ዞብል ተራራ ስታዩ በመሐል የሚጋረደው ሰማያዊ ጭጋግ በብርቱካናማ ወይም በቀይ ፊልተር ይሳሳል። ከአውድማና ከከብት እግር ስር የሚነሳው አቧራ ግን በምንም ፊልተር አይጠፋም፤ ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ሁሉንም ቀለም እኩል ይበትናል። ያለው መላ ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ መቅደም ነው።

ልኬቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። ኤፍፒ4 ፊልም አስገብታችኋል፣ ላይት ሜትሩን (የብርሃን መለኪያውን) በፊልሙ ፍጥነት፣ 125 ላይ አድርጋችኋል። ከጽዱ ስር ያለውን ጥላ ቀርባችሁ ለኩ፤ በኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው) የሰከንድ 1/30 አለ እንበል። ሜትሩ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ስለሚያደርግ እንዳለ ብታነሱት ጥላው ጥላ መሆኑ ይቀራል። 2 ስቶፕ ቀንሱ፤ 1/125 ይሆናል። ቢጫ ፊልተር ካለ 1 መልሳችሁ 1/60 ላይ አንሱ። ገበሬው የለበሰው ነጭ ጋቢና የቆርቆሮው ጣሪያ ይቃጠላሉ ብላችሁ አትስጉ፤ አብሽሩ፣ እነሱን በአጠባው እንይዛቸዋለን። በክረምት የደሴውን ጦሳ ተራራ ጉም ሲሸፍነው ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ሜትሩ በነጩ ተታልሎ ያጨልማል፣ 1 ስቶፕ ጨምሩለት።

ዓይን የሚወደው ልዩነት ግማሹ የቀለም ነው። ቀይ አፈርና አረንጓዴ ገብስ ፊልሙ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። የመስከረም አደይ ግን በቢጫ ፊልተር ከሣሩ ነጥሎ ያበራል። እርከን የሚነሳው ከጎን በሚመጣ ብርሃን ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ እያንዳንዱ ካብ የራሱን ጥላ ይጥላል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ሜዳ ይመስላል። ታዲያ የተዘራ ማሳ አትርገጡ፤ ባለቤቱን ሰላም ብላችሁ፣ አስፈቅዳችሁ ግቡ።

ከደጋው ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ካሜራውን በፌስታል አስራችሁ ያዙ፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል አትክፈቱት፣ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል።

አጠባው ላይ፦ ዲ-76 ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) 150 ሚሊ ሊትር ከ150 ውሃ ጋር፣ 20 ዲግሪ ላይ። ለኤፍፒ4 የተለመደው 11 ደቂቃ ነው፤ ፀሐዩ የከረረ ቀን ያነሳችሁትን ወደ 9 ደቂቃ ተኩል አውርዱት፣ ጋቢው ዝርዝሩን ይይዛል። ፈሳሹ እንደገባ ታንኩን (ፊልሙ የሚታጠብበትን ዕቃ) ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጉ፤ ተጣብቆ የቀረ አረፋ ክብ ነጥብ ይተዋል። ከዚያ በየደቂቃው ለ10 ሰከንድ በዝግታ መገልበጥ ነው፤ የቸኮለ እጅ በፊልሙ ቀዳዳዎች አጠገብ ሰንበር ያወጣል። ቆላ ላይ የቧንቧ ውሃ ከ20 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ታንኩን በረዶ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቆዩት። ምስሉን ከሚያጸናው ፈሳሽ፣ ከፊክሰር (1 እጅ ለ4 እጅ ውሃ፣ 5 ደቂቃ) ሲወጣ ፊልሙ ላይ ወተት የመሰለ ብዥታ ካያችሁ አላለቀም፤ መልሱት።

ለመጨረሻው እጥበት መኪና መለዋወጫ ቤት የሚሸጠው የተጣራ የባትሪ ውሃ ከቧንቧው ይሻላል፣ የኖራ ነጥብ አይተውም። ጠርሙሱን ግን አንብቡ፤ አጠገቡ የሚደረደረው አሲድ ነው። ፊልሙን በጨርቅ አትጥረጉ፤ መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ታች በኩል ክብደት አንጠልጥላችሁ ይድረቅ፣ ከዚያ በስድስት በስድስት ፍሬም ቁረጡት።