«ለቲ ኑ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው። ከሊድስ የመጣች አስተማሪያችን «ማታ 12 ሰዓት ለቲ ኑ» አለችን። ሻይ መስሎኝ ሽሮዬን ጥግብ ብዬ በልቼ ሄድኩ። የጠበቀን ግን ሥጋ፣ ድንችና አተር ነው። አንድ ጉርሻ እንኳ አልወርድ አለኝ። ቅር ያላት ይመስለኛል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፋሽም፣ እህቴ። ሊድስ ያለችው ሰሜን እንግሊዝ ነው። እዚያ ብዙ ሰው «ቲ» የሚለው ራቱን ነው፤ ምሳውን ደግሞ «ዲነር» ይለዋል። ወደ ደቡብ ስትወርጂ «ዲነር» ራት ይሆንና ምሳ «ላንች» ይባላል። ስለዚህ ሰዓቱን እዪ። 10 ሰዓት ላይ ከሆነ ሻይና ኬክ ይሆናል። 12 ሰዓት ከተባልሽ ግን ሳትበዪ ሂጂ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኛ «በሞቴ» እስክንባል እንግደረደራለን። እነሱ ብዙውን ጊዜ አንዴ ይጠይቃሉ። «ኖ፣ ታንክ ዩ» ካልሽ ሳህኑ ይነሳል። ንፉግ ሆነው አይደለም፣ ቃልሽን አክብረው ነው። ከራበሽ ገና ሲጠይቁሽ «የስ፣ ፕሊዝ» በይ።

ጾም ከሆነ ደግሞ ቀድመሽ ንገሪያት። «ቬጀቴሪያን ነኝ»፣ ማለትም ሥጋ አልበላም፣ ካልሻት ቅቤና እንቁላል ልታቀርብልሽ ትችላለች፤ «ቪጋን» በያት፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም አልበላም ማለት ነው።

አሁን ሄደሽ እውነቱን ንገሪያት። ከዚያ አንድ ማታ ቤትሽ ጥሪያትና ሽሮሽን አቅምሻት።