ለጀማሪ ስንት ፓውንድ? የጅማ አንባቢዎች የቀስት ጥያቄዎች

ሰሞኑን ስለ ቀስት ስፖርት ከጅማ የሚመጣው ጥያቄ በዝቷል፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ዛሬ የተወሰኑትን እመልሳለሁ። ሰው ሁለቱንም «ቀስት» ስለሚላቸው እንዳንምታታ፣ የሚወጠረውን ደጋን፣ የሚወረወረውን ፍላጻ እላለሁ።

«ሰላም ነው ወንድሜ? 19 ዓመቴ ነው። ጂም እሠራለሁ፣ ጉልበት አያንሰኝም። አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ደጋን ልታመጣልኝ ነው። 40 ፓውንድ ልበላት ወይስ 50? ሪከርቭ ነው ኮምፓውንድ የሚሻለው?» – ከጅሬን

ሰላም ነው። 40ውንም 50ውንም ተዋቸው። 20 ይበቃሃል፣ ቢበዛ 24። መልሱ እንደማይጥምህ አውቃለሁ፤ ግን ስማኝ።

ፓውንድ የሚባለው ደጋኑን እስከ መጨረሻው ስትስበው ጣትህ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። 22 ፓውንድ ማለት 10 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን በሦስት ጣት እንደማንጠልጠል ነው። አንድ ጊዜ ማንሳቱ ለማንም አይከብድም። አንተ ግን አገጭህ ስር አድርሰህ፣ ሳትንቀጠቀጥ ይዘህ፣ አነጣጥረህ ነው የምትለቀው፤ ይህንንም በአንድ ልምምድ ስልሳ ሰባ ጊዜ ትደጋግመዋለህ። ጂም ያወጣህበት ደረትና ክንድ እዚህ ብዙም አያግዝህም። ሥራው ያለው በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል ባለው የጀርባ ጡንቻ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አልለመደም። ደጋኑ ሲከብድህ ትከሻህ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወገብህ ወደ ኋላ ይለመጣል፣ ለመገላገል ብለህም ሳታነጣጥር ትለቀዋለህ። ይህ ልማድ አንዴ ከያዘህ ማስተዉ መከራ ነው። ኦሊምፒክ ላይ የምታያቸው ወንዶች ከ45 ፓውንድ በላይ ይስባሉ፤ ግን እዚያ የደረሱት በዓመታት፣ ትንሽ በትንሽ እየጨመሩ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ደጋኑን ሙሉ በሙሉ ስበህ አሥር ሴኮንድ ያዘው፣ ከዚያ ሳትለቅ ቀስ ብለህ መልሰው። ከተንቀጠቀጥክ ከብዶሃል ማለት ነው፣ አለቀ። አደራ፣ ፍላጻ ሳይኖርበት ስበህ በፍጹም እንዳትለቀው! ፍላጻ ካለ ጉልበቱን እሱ ይዞት ይሄዳል። ከሌለ ያ ሁሉ ጉልበት ተመልሶ ደጋኑ ላይ ያርፋል፣ ክንፉ (ሲሳብ የሚታጠፈው የላይና የታች ክፍሉ) ሊሰነጠቅ፣ አውታሩ ሊበጠስ ይችላል። ጓደኛ «እስቲ ልሞክር» ብሎ ሲቀበልህ መጀመሪያ የምትነግረው ይህንን ይሁን።

ሌላም ነገር አለ። ክንፉ ላይ የተጻፈው ፓውንድ አብዛኛውን ጊዜ የተለካው 28 ኢንች ሲሳብ ነው። አንተ የምትስበው ርዝመት ከዚያ ካጠረ፣ በአንድ ኢንች ወደ 2 ፓውንድ ገደማ ይቀንሳል፤ ከረዘመም በዚያው ልክ ይጨምራል። የራስህን ለማወቅ ሁለት እጅህን ወደ ጎን ዘርጋና ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ አስለካ፣ ከዚያ ለ2.5 አካፍለው። የተለካው 175 ሴንቲ ከሆነ 70 ሴንቲ ይመጣል፣ ማለትም ከ27 ኢንች ተኩል ትንሽ አለፍ ይላል። ግምት ነው፣ ለመግዛት ግን ይበቃል።

ሪከርቭ ወይስ ኮምፓውንድ ላልከው፣ እኔ ሪከርቭ ነው የምልህ፤ የክንፉ ጫፍ ወደ ኢላማው የተቀለበሰውን፣ እሱም ክንፉ ከእጀታው የሚፈታውን። እጀታው አንድ ሆኖ ይቆይና ጀርባህ ሲጠነክር ክንፉን ብቻ በከበደ ትቀይራለህ። ኮምፓውንድ ጫፍና ጫፉ ላይ ጎማ መሳይ መዘውር አለው። ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶ ስለሚቀንስ ተረጋግቶ ለማነጣጠር በጣም ይመቻል። ግን ውድ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ አውታሩን ለመቀየር የራሱ መጭመቂያ ይፈልጋል፤ ጅማ ላይ ሆነህ እሱን ፍለጋ ከመንከራተት ይሰውርህ። ኦሊምፒክ ላይም እስካሁን ያለው ሪከርቭ ነው፤ ኮምፓውንድ የሚገባው በ2028 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ላይ በድብልቅ (የወንድና የሴት) ቡድን ነው። አክስትህ እስክትመጣ ድረስ የሳይክል ከመነዳሪ ቆርጠህ በእሱ መሳብ ተለማመድ።

«እህትህ ነኝ። በወንድሜ ደጋን መለማመድ ከጀመርኩ ወዲህ የግራ ክንዴ በልዟል፤ አውታሩ ሁልጊዜ ይገርፈኛል። ቀኝ እጄ ነው የሚሠራው፣ ግን ኢላማውን ሳይ የግራ ዓይኔ ይቀድማል። ምን ላድርግ?» – ከኮቺ

አይዞሽ እህቴ፣ ሁለቱም መላ አላቸው። ነገ ዛሬ ሳትይ የክንድ መከላከያ አድርጊ፤ የሚሸጥ ካጣሽ ወፍራም ቆዳ ቆርጠሽ በላስቲክ ማሰር ይቻላል። መከላከያው ግን ሕመሙን ነው የሚያስቀረው፣ ምክንያቱ ክርንሽ ነው። ደጋን የያዘውን እጅ ወደ ፊት ዘርጊና መዳፍሽን ግድግዳ ላይ አሳርፊ። አሁን መዳፍሽን ከግድግዳው ሳታነሺ ክርንሽን ብቻ አዙሪው። የክርንሽ መታጠፊያ ወደ ሰማይ ሲያይ የነበረው ወደ ጎን ይመለሳል። ያኔ የክንድሽ ሥጋ ከአውታሩ መንገድ ይወጣል። ይህችን ግድግዳ ላይ እስኪለምድሽ ድረስ ሥሪያት። ደጋኑንም ጨምድደሽ አትያዥ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ባለው ቦታ ይረፍ፣ ጣቶችሽ ላላ ይበሉ። ልብስሽንም አስቢበት። ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌ፣ ረጅም የጆሮ ጌጥ፣ የተፈታ ጸጉር አውታር ይይዛቸዋል።

ዓይንን በተመለከተ፣ ሁለት እጅሽን ወደ ፊት ዘርግተሽ በመዳፎችሽ መሃል ትንሽ ቀዳዳ ሥሪና ሩቅ ያለ ነገር ተመልከቺ፣ በር እጀታም ይሁን አምፖል። ከዚያ ዓይኖችሽን በየተራ ጨፍኚ። ግራሽን ጨፍነሽ ነገሩ ከጠፋ፣ የሚመራሽ ግራ ዓይንሽ ነው። እንዲያ ከሆነ ደጋኑን በቀኝ ይዞ በግራ መሳብ ነው የሚሻለው። መጀመሪያ ላይ ይጨንቃል፤ ግን ገና ጀማሪ ስለሆንሽ እጅ ይለመዳል፣ ዓይን ግን አይቀየርም። ችግሩ የወንድምሽ ደጋን በቀኝ እጅ ለሚስብ ሰው የተሠራ ከሆነ አይሆንሽም። እስክትቀይሪ ድረስ ግራ ዓይንሽን ጨፍነሽ መወርወር ትችያለሽ።

«ፍላጻዎቼ ላይ 400 ይላል። ደጋኔ 22 ፓውንድ ነው፣ የምስበው በቀኝ ነው። ሁሉም ፍላጻ ወደ ግራ ይሄድብኛል። ማነጣጠሪያው ነው የተበላሸው?» – ከፈረንጅ አራዳ

ማነጣጠሪያው ምንም አልሆነም፤ ፍላጻው ነው ያልተስማማህ።

ያ ቁጥር የፍላጻውን ግትርነት ነው የሚናገረው። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ፍላጻውን 71 ሴንቲ በሚራራቁ ሁለት ማሳረፊያዎች ላይ ያጋድሙታል፣ መሃሉ ላይ 880 ግራም ያንጠለጥላሉ፣ ምን ያህል እንደረገበ ያነባሉ። አንድ ኢንች ከረገበ 1000 ይባላል፣ ግማሽ ኢንች ከሆነ 500። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ፍላጻው ይጠነክራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተቃራኒውን አስቦ ነው።

ለምን አስፈለገ? አውታሩ ሲለቀቅ ከኋላ ይገፋል፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ደግሞ ባለበት መቅረት ይፈልጋል። በዚህ መሃል ፍላጻው ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ እየተወዛወዘ እጀታውን ዞሮ ያልፋል። በዝግታ የተቀረጸ ቪዲዮ ብታይ ታምናለህ። መታጠፉ ከደጋኑ ጉልበት ጋር ሲመጣጠን ብቻ ነው ቀጥ ብሎ የሚሄደው። በቀኝ ለሚስብ ሰው ፍላጻው ከመጠን በላይ ግትር ከሆነ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከለሰለሰ ወደ ቀኝ። 400 ከ50 ፓውንድ በላይ ለሆነ ደጋን የሚሆን ነው፤ ለአንተ 1000 አካባቢ ፈልግ። ፍላጻ አታሳጥር። ለጀማሪ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ እጀታው ላይ ካለው የፍላጻ ማሳረፊያ ሁለት ኢንች ያህል ወደ ፊት ቢተርፍ ጥሩ ነው፤ ያጠረ ፍላጻ ከማሳረፊያው ወደ ውስጥ ወድቆ እጅ ሊወጋ ይችላል።

የካርቦን ፍላጻ ከሆነ ከመወርወርህ በፊት ሁለቱን ጫፍ ይዘህ በቀስታ እጠፈውና ጆሮህን ስጠው። ጠቅ ጠቅ ካለ ስንጥቅ አለው፣ ጣለው። ስንጥቅ ካርቦን ሲለቀቅ ተፈርክሶ እጅ ውስጥ ይገባል። ላባውም ቢሆን ለጅማ ዝናብ የፕላስቲኩ ይሻላል፤ የወፍ ላባ ሲረጥብ ይተኛል።

«ቴሌቪዥን ላይ አየሁ፣ ነጥቡ ግን አልገባኝም።» – ከቦሳ አዲስ

ኦሊምፒክ ላይ ርቀቱ 70 ሜትር ነው፣ ኢላማው ደግሞ 122 ሴንቲ ስፋት አለው። ከመሃል ወደ ውጭ ስትሄድ ቢጫው 10 እና 9፣ ቀዩ 8 እና 7፣ ሰማያዊው 6 እና 5፣ ጥቁሩ 4 እና 3፣ ነጩ 2 እና 1 ነው። መስመር የነካ ፍላጻ ከሁለቱ ከፍ ያለውን ነጥብ ይይዛል። በግል ግጥሚያ በየዙሩ ሦስት ሦስት ፍላጻ ይወረውራሉ፤ ዙሩን ያሸነፈ 2፣ እኩል ከሆኑ 1፣ 1 ያገኛሉ፣ ቀድሞ 6 የደረሰ ያሸንፋል።

«የ11 እና የ13 ዓመት ልጆች አሉኝ። ጎረቤቴ በርጩማ የሚሠራ አናጢ ነው፤ ደጋን ልሥራላቸው አለኝ። ግቢ ውስጥ ቢጫወቱበት ይሆናል?» – ከሒርማታ

አባቴ፣ ጎረቤትዎ እጁ የተባረከ መሆኑን አልጠራጠርም፤ የጅማ በርጩማ ዝናው የታወቀ ነው። ግን ዋንዛ ለበርጩማ የተመረጠው ለስላሳና ለመቅረጽ የሚመች ስለሆነ ነው፤ ደጋን የሚፈልገው ታጥፎ የሚመለስ እንጨት ነው። በደንብ የደረቀ፣ አንጓ የሌለው፣ የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄድ ይሁን። ወደ ኢላማው የሚዞረው ገጽ ላይ ያ መስመር ከተቆረጠ እዚያው ይሰነጠቃል። ቀርከሃም ያዋጣል፤ የውጭው ገጽ ሳይፋቅ ወደ ኢላማው እንዲዞር ያድርጉት። ሲሳብ ሁለቱ ክንፎች እኩል መታጠፋቸውን ደጋግሞ ይይ፤ ወደ ወርዋሪው ከሚዞረው ገጽ ብቻ እንጨት እየፋቀ ያስተካክል፣ ወደ ኢላማው የሚዞረውን አይንካው። ለልጆቹ ከ10 እስከ 14 ፓውንድ ይበቃቸዋል። ሲጨርሱ አውታሩ ይውረድ፤ ተወጥሮ ያደረ የእንጨት ደጋን ጉልበቱን ያጣል።

ግቢው ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። ከኢላማው ጀርባ አጥር ብቻ ካለ አይሆንም፤ ፍላጻ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ሊደርስ ይችላል። ከጀርባው ቁልል አፈር ወይም ድፍን ግንብ ይኑር፣ ኢላማው በጥብቅ የታሰረ ጭድ ይሁን፣ ርቀቱን ከ10 ሜትር ባነሰ ይጀምሩ። ሁሉም ከአንድ መስመር ላይ ይወርውሩ፤ ማንም ከመስመሩ አይቅደም። ወደ ሰማይ መወርወር ክልክል ነው። ፊሽካ ይግዙና እርስዎ ይንፉ፤ በውድድር ላይ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ወደ መስመር፣ አንድ ጊዜ ሲነፋ ይወረወራል፣ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ፍላጻ ለመሰብሰብ ይኬዳል። አምስትና ከዚያ በላይ ከተነፋ ሁሉም የሳበውን መልሶ ፍላጻውን ከአውታሩ ያወርዳል።