መልስ፦ አባቴ ሆስፒታል ተኝተው እንዳይዋረዱ ምን ላድርግ?

አብሽሪ እህቴ። «አባቴ ደሴ ተኝተዋል፤ አንተ ይሏቸዋል፣ ሰው ፊት ይገልጧቸዋል፣ እሳቸውም አፍረው ዝም ብለዋል» ላልሽው፣ እናቴን ሳስታምም ያየሁትን ልንገርሽ።

ዎርድ ውስጥ ሰው ቶሎ «አልጋ ስድስት» ይሆናል። እኔ ነርሷን «እናቴን እኮ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላት» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አንቺ የሚል አልሰማሁም። ብቆጣ ኖሮ አይሠራም ነበር።

መጋረጃ ከሌለ ጋቢ ይበቃል፤ ሁለት ሆናችሁ ጫፍና ጫፉን ያዙ። ሲታጠቡ የሚታጠበው ቦታ ብቻ ይገለጥ፣ የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ። በሴት ልጅ መታጠብ ካፈሩ ወንድምሽ ያጥባቸው።

ፖፖ እስኪጠይቁሽ ግን አትጠብቂ። ብዙ ሽማግሌ ሰው ላለማስቸገር ብሎ ውሃ መጠጣት ይተዋል። ሰውነቱ ይደርቃል፣ ከዚያ መቃዠት ይመጣል፤ ሰው ደግሞ «ጃጁ» ይላል! በድንገት ከተደናገሩ እርጅና ነው ብለሽ አትለፊው። ኢንፌክሽን ወይም መድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ወዲያው ንገሪ። መነጽራቸውም ከቦርሳ ይውጣ፤ በደንብ አለማየትም ያደናግራል።

መገላበጥ ካቃታቸው ነርሶቹን ጠይቀሽ በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን ቀይሪ፤ የአልጋ ቁስል ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ሰጋጅ ከሆኑ ተኝተውም ይሰገዳል፣ በውሃ ውዱእ ማድረግ ካልተቻለ ተየሙም (በንጹሕ አፈር ፊትና እጅን ማበስ) አለ።

ሐኪሙ እሳቸውን ዘሎ ላንቺ ሲያወራ «አባቴ ይሰማሉ፣ ለሳቸው ይንገሯቸው» በይው። እኔ ይህን ያልኩት በአራተኛው ቀን ነው፤ ዘግይቻለሁ።