«ቀቅዪ» ወይስ «አቁላዪ»? ስለ ሳምቡሳ ቃላት

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ሻይ ቤት አለኝ። የሥጋ ሳምቡሳ ልጀምር ብዬ ለአዲሷ ሠራተኛዬ አሠራሩን በወረቀት ጻፍኩላት። «ሽንኩርትና ሥጋውን ቀቅለሽ ሊጡ ውስጥ ሙዪ፤ ከዚያ ጥበሺ» ነው ያልኳት። ልጅቷም ውኃ ጨምራ ቀቀለችው፤ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ፈነዳ። ምን ብዬ መጻፍ ነበረብኝ? ሰሌዳዬ ላይስ «ሳምቡሳ» ልበል «ሳንቡሳ»? «ሳምቡሳ በሥጋ» ወይስ «የሥጋ ሳምቡሳ»?

መልስ፦ ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ ያነበበችውን ነው የሠራችው። «ቀቀለ» ውኃ የሚፈልግ ግስ ነው። ድንች፣ እንቁላል፣ በቆሎ የሚቀቀሉት ውኃ ውስጥ ነው። ምናልባት ቃሉ ከጾሙ ሳምቡሳ ተሻግሮብዎት ይሆናል፤ እዚያ «ቀቅዪ» ትክክል ነው። ምስሩ በውኃ ተቀቅሎ፣ ሳይፈርስ ወጥቶ፣ ውኃው ተጠንፍፎ ነው ከሽንኩርቱ ጋር የሚገናኘው። ሥጋ ግን የራሱ ውኃ አለው። ሥራው ያንን ውኃ ማስለቀቅና ማድረቅ ሆኖ ሳለ ሌላ ውኃ ከተጨመረበት መሙያው ወጥ ይሆናል። እርጥበቱ ትኩስ ዘይት ውስጥ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መውጫ ይፈልግና ስፌቱን ይበረግዳል።

የሚያስፈልግዎት ቃል «አቁላላ» ነው። የ«ቆላ» ዘመድ ነው፤ «ቁሌት»ም ከዚያው ቤት ነው። ቡና ወይም ገብስ «ይቆላል»፤ ሽንኩርት ግን «ይቁላላል»። በቃሉ ውስጥ «ላ» መደገሙ እጅ ደጋግሞ ማማሰሉን ያሰማል፤ ቃሉ ራሱ ድስቱ አጠገብ ቁሚ የሚል ይመስላል። እንዲህ ያለ ግስ እያለን «አብስዪ» ብሎ ማለፍ ያሳዝናል፤ «አብስዪ» እንዴት እንደሚበስል አይናገርምና።

ሌሎቹም ግሶች እንደዚሁ በቦታቸው ይግቡ። «ሊጡን አቡኪ» ብቻ ካሉ እንጀራ የለመደ ሰው እርሾና ማሳደር ይታየዋል። እርሾ የገባበት ሳምቡሳ ደግሞ ይነፋና ዳቦ ዳቦ ይላል። ስለዚህ «ያለ እርሾ» የሚለው አይቅር። ለማሳሳቱ «ዳምጪ» ይበሉ፤ «ዘርጊ» በእጅም ይሆናል፣ «ዳምጪ» ግን መዳመጫውን ያስይዛል። «ጥበሺ»ም ለብቻው አይበቃም። ጥብስ በጥቂት ዘይትም ይጠበሳልና «ዘይቱ እስኪውጠው» የሚል ይጨመርበት።

ወረቀቱ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

«ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀላቅዪ። አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርሽ ያለ እርሾ አቡኪ፤ ጠንከር ይበል። ሸፍነሽ 30 ደቂቃ አሳርፊው። ሦስት ሽንኩርት ደቃቅ አድርገሽ ከትፈሽ በጥቂት ዘይት አቁላዪ። ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ጨምረሽ፣ ውኃው አልቆ ድስቱ እስኪንጣጣ ድረስ አማስዪ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ጨምረሽ አውጪ። ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ሊጡን 12 ቦታ ድቡልቡል አድርጊ፤ እያንዳንዱን ስስ አድርገሽ ዳምጪና መሐል ለመሐል ቁረጪ። ግማሹን እንደ ኦቾሎኒ መጠቅለያ ወረቀት ሾጠጥ አድርገሽ እጠፊ፣ ሙዪ፣ አፉን በውኃ በተበጠበጠ ዱቄት ድፈኚ። ዘይቱ እስኪውጠው አድርገሽ ወርቅማ እስኪሆን ጥበሺ፤ አውጥተሽ አንጠፍጥፊ።»

24 ሳምቡሳ ይወጣዋል። «ፈጽሞ ይቀዝቅዝ» የሚለውን ያስምሩበት፤ ሙቅ መሙያ ሊጡን ገና ሳይጠበስ ያላላዋል። ስለ ዘይቱ ሙቀት «በደንብ ሲግል» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ «በደንብ» አለው። «ቁራጭ ሊጥ ስትጥዪበት ሰጥሞ ወዲያው ሲንሳፈፍ» ይበሉ፤ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ከቀዘቀዘ ሳምቡሳው ዘይት ይጠጣል፤ ከጋለ ደግሞ ቆዳው ይጠቁርና እጥፋቱ ላይ ጥሬ ሊጥ ይቀራል።

ወደ ሰሌዳው እንምጣ። «ን» ከ«ብ» ፊት ሲመጣ ከንፈር ቀድሞ ስለሚገጥም «ም» ሆኖ ይሰማል። «አንበሳ»ና «ወንበር» ስንል የሚሰማው «ም» ነው፤ በ«ን» የምንጽፋቸው ግዕዙን «ዐንበሳ»ንና «መንበር»ን ተከትለን ነው። ሳምቡሳ ግን ከግዕዝ አልወረስነውም። በአረብኛ በኩል የመጣ የፋርስ ቃል ነው፤ ኢብን ባጡታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዴልሂ ላይ ያየው፣ የተከተፈ ሥጋ በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ በቅቤ የተጠበሰው ምግብም ይኸው ነው። የህንዱ ሳሞሳና የሶማሊኛው ሳምቡስ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በአረብኛ ጽሑፍ በ«ን»ም በ«ም»ም ይገኛል። እኛ «ላምባ»ንና «ቴምብር»ን እንደሰማናቸው በ«ም» እንደጻፍን፣ «ሳምቡሳ»ም በ«ም» ቢጻፍ እመርጣለሁ። «ሳንቡሳ» ብሎ የጻፈን ግን አጠፋህ አልለውም።

«ሳምቡሳ በሥጋ» አይበሉ። «ሻይ በሎሚ»፣ «ፓስታ በሥጋ» ስንል «በ» የሚጨመረውን ወይም አብሮ የሚቀርበውን ያሳያል። ሳምቡሳ ግን መሙያው ከሌለ ሳምቡሳ አይደለም፤ ሥጋው ዓይነቱን ነው የሚነግረን። ስለዚህ «የሥጋ ሳምቡሳ»፣ «የምስር ሳምቡሳ» ነው። «ትኩስ» ሲጨምሩም ቦታውን ይጠብቁ፦ «ትኩስ የሥጋ ሳምቡሳ» ካሉ ትኩሱ ሳምቡሳው ነው፤ «የትኩስ ሥጋ ሳምቡሳ» ካሉ ግን ትኩሱ ሥጋው ይሆናል፣ ደንበኛም በሬው ዛሬ ታርዶ እንደሆነ ሊጠይቅዎት ይችላል።