ኮላጅን ላይ ከሠራሁ ዕድሌ ይጠብ ይሆን?

እህቴ፣ የማስተርስ ጥናትሽ በኮላጅን (ለሰውነት ክፍሎች ጥንካሬ በሚሰጠው ፕሮቲን) ላይ ተመሥርቶ የመገጣጠሚያ ካርቲሌጅ (የአጥንት ጫፎችን የሚሸፍነውን ለስላሳ ልባስ) በላብራቶሪ መሥራት መሆኑን ጽፈሽልኛል። ጓደኞችሽ «ኮላጅን ያለቀለት ነገር ነው፣ ወደ ጂን ምርምር ዙሪ» ይሉሻል። ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ ትምህርቱን ትተሽ የሕክምና መሣሪያ ሽያጭ ሥራ እንድትይዪና የመኪና ብድሩን እንድታግዢው ይጎተጉትሻል።

«ያለቀለት» የሚለውን ቃል እንዲሁ ላልፈው አልችልም። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት የቲሹ (የሕብረ ሕዋስ) ናሙናዎችን ጥንካሬ በሚለካ ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። በላብራቶሪ ያደገ ካርቲሌጅ ነጭና አንጸባራቂ ነው፤ ለዓይን ከተፈጥሮው አይለይም። ማሽኑ ላይ ታስሮ ሲሳብ ግን ቶሎ ይበጠሳል። ውኃ ስቦ የሚይዘው ፕሮቲዮግላይካን የተባለው ሞለኪውል በበቂ መጠን ቢጠራቀምም፣ እብጠቱን ተቋቁሞ የሚይዘው የኮላጅን መረብ ወደኋላ ይቀራል። በጤነኛ መገጣጠሚያ ላይ ያሉት የኮላጅን ክሮች ከላይ ከገጹ ጋር ትይዩ ተኝተው ፍትጊያን ይችላሉ፤ ከታች ቀጥ ብለው ከአጥንቱ ጋር ይያያዛሉ። ይህን አደራደር በላብራቶሪ መድገም እስካሁን ከባድ ነው። ሴሎቹም ሳህን ላይ ተነጥፈው ሲባዙ ጠባያቸው ይለወጥና የካርቲሌጅ ዋና ኮላጅን የሆነውን ዓይነት 2 ማምረት ቀንሰው፣ ጠባሳ ላይ የሚገኘውን ዓይነት 1 ይሠራሉ። ታዲያ ምኑ ነው ያለቀው?

ገበያውም አልዘጋም። በታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማሲ የተባለውን ሕክምና ፈቅዷል፤ ከታካሚው የተወሰዱ የካርቲሌጅ ሴሎች ተባዝተው፣ ከአሳማ በተገኘ ስስ የኮላጅን ሽፋን ላይ ሆነው ጉልበት ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ያለ ምርት አምራች፣ ጥራት ተቆጣጣሪና ለፈቃድ የሚቀርበውን ማስረጃ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ይፈልጋል። ስለዚህ የመሳብና የመጫን ጥንካሬ መለካትን፣ የኮላጅን መጠንና ዓይነት መለየትን በእጅሽ ተማሪ። ካርቲሌጁን ብትተዪው እንኳ ይህ ችሎታ ሰው ሠራሽ ጅማት፣ የቁስል መሸፈኛና የአጥንት መሙያ የሚሠሩ ድርጅቶች ዘንድ ያስቀጥርሻል።

የወንድምሽን ነገር በግልጽ ልናገር። ቤተሰቡ የሚበላው ቢያጣ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። እንደጻፍሽልኝ ግን ወላጆችሽ ራሳቸውን ችለዋል፣ አንቺም የትምህርት ድጎማ አለሽ። መኪናውን የገዛው እሱ ነው፤ ብድሩንም እሱ ይክፈል። ሽያጭ የተከበረ ሥራ ነው፣ ከምረቃ በኋላም ታገኚዋለሽ፤ በግማሽ የተቋረጠን ጥናት መልሶ ማንሳት ግን እጅግ ይከብዳል።

ስታቲስቲክስ ያስፈራኛል ላልሽው፣ በራስሽ ናሙና ውጤት ላይ ስትሠሪው ይቀልሻል። ፒኤችዲ ልቀጥል ወይ ላልሽው ደግሞ፣ ለጊዜው ተዪው።

ርዕሱን ከማጽደቅሽ በፊት አማካሪሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ያደገውን ቲሹ ጥንካሬና የዓይነት 2 ኮላጅኑን ድርሻ በዚህ ላብራቶሪ የሚለካው ማን ነው? መልሳቸው በሕይወት ያሉ ሴሎችን ፎቶ ማሳየት ብቻ ከሆነ፣ ርዕሱን ይዘሽ ላብራቶሪውን ቀይሪ።